መስታወቱ ተጠርጎም ለምን ይደበዝዛል? የመኪና የፊት መስታወት ያለ ሰንበር ስለሚጸዳበት መንገድ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ የሚመለስ አሽከርካሪ ከቀኑ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከተነሣ፣ መንገዱ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚያቀና በመሆኑ፣ የጉዞውን አብዛኛውን ክፍል ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ ይነዳል። እኔም እንዲህ ባለ አንድ ምሽት፣ ከመነሣቴ በፊት መኪናዬን በገዛ እጄ አጥቤ፣ የፊት መስታወቱንም ሁለት ጊዜ ጠርጌ ወጣሁ። በግቢው ጥላ ሥር ሳየው መስታወት ያለ እስከማይመስል ድረስ ጠርቶ ነበር። ሞጆን አልፌ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ግን እጄ የተመላለሰበት ቦታ ሁሉ በነጭ ቅስት ተስሎ ወጣ። ከፊቴ የሚሄደው የጭነት መኪና ፍሬን ሲይዝ የኋላ መብራቱን እንኳ መለየት አቃተኝ፤ ፍጥነቴን ቀንሼ፣ አንገቴን ወደ ጎን አዝምሜ፣ ጠራ ባለችው ጥግ በኩል እያየሁ ቢሾፍቱ ደረስኩ።

መስታወቱ የደበዘዘው ሳይጠረግ ቀርቶ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ያደበዘዘው ራሱ አጠራረጉ እንደነበር የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይኸው ችግር ግንቦት አልቆ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲጥሉ በብዙ አሽከርካሪዎች ላይ ይደርሳል፤ ብዙዎችም መፍትሔው ሳሙና መጨመር ወይም ጠንክሮ ማሸት ይመስላቸዋል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ያብሱታል። ምክንያቱን ለመረዳት መስታወቱ ላይ የሚቀረው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰንበር የምንለው ምንድን ነው?

ጅራፍ ካረፈበት ገላ ላይ የሚቀረውን ምልክት ሰንበር እንለዋለን። በዚህ ጽሑፍ ጨርቅ ወይም የዝናብ መጥረጊያ ካለፈ በኋላ በመስታወት ላይ የሚቀረውን ደብዛዛ መስመር በዚሁ ስም ጠርቼዋለሁ። ይህ መስመር ከሦስት ነገሮች በአንዱ፣ ብዙውን ጊዜም በሦስቱ ድብልቅ የተሠራ ነው፤ እነሱም ቅባት፣ ውሃ ደርቆ ጥሎት የሄደ ማዕድን፣ እና ታጥቦ ያልወጣ ሳሙና ናቸው። ሦስቱም እጅግ ስስ ሆነው ስለሚቀመጡ፣ መስታወቱ በእጅ ሲዳሰስ ለስላሳ፣ በጥላ ሥር ሲታይም ንጹሕ ይመስላል።

ቅባቱ ከሁሉ የከፋው ነው። እንጀራ የሚጋግር ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ምጣድ ላይ የጎመን ዘር ተነስንሶ በማሰሻ ሲታሰስ፣ ማሰሻው ቅባቱን ከምጣዱ ላይ አያነሣውም፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ያዳርሰዋል። ለምጣድ የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ እንጀራው ሳይጣበቅ የሚነሣው በዚያ ስስ ቅባት ምክንያት ነው። ቅባት የነካ ጨርቅ በመኪና መስታወት ላይ ሲመላለስ የሚሠራው ሥራ ከማሰሻው ሥራ አይለይም። እኛ ጠረግነው እንላለን፤ ጨርቁ ግን መስታወቱን አስሶታል።

ስለዚህ የመስታወትን ንጽሕና በዓይን ከመገመት በውሃ መፈተን ይሻላል። ንጹሕ መስታወት ውሃን ይወዳል፤ አንድ ጆግ ንጹሕ ውሃ ከላይ ሲፈስበት ውሃው እንደ ስስ ነጠላ ተዘርግቶ፣ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ቅባት ያለበት መስታወት ላይ ግን ውሃው ይሸሻል፤ በታሰሰ ምጣድ ላይ እንደወደቀ ጠብታ እየተድቦለቦለ፣ በመካከሉ ደረቅ ደሴቶችን ትቶ ይሄዳል። ሆን ተብሎ ውሃ የሚያባርር ቅብ የተቀባ መስታወትም ውሃውን ስለሚያድቦለብል፣ መኪናዎ እንዲህ ያለ ቅብ ካለው ይህ ፈተና አይሠራም። ከዚያ ውጭ ግን ከዚህ የተሻለ ቀላል መመርመሪያ አላገኘሁም።

ቅባቱ ከየት ይመጣል?

በውጭ በኩል ያለው ምንጩ ብዙ ነው። የናፍታ መኪኖች የሚተፉት ጭስ ጥላሸት ብቻ አይደለም፤ ያልተቃጠለ ነዳጅና ዘይትም ይዟል። መንገድ ላይ የተንጠባጠበ የሞተር ዘይት በዝናብ ጊዜ ከፊት ባለው መኪና ጎማ ተፈንጥቆ ይመጣል። ዛፍ ሥር የቆመ መኪና ላይ የሚገኘው የሚያጣብቅ ነጠብጣብም አብዛኛውን ጊዜ ከቅጠሉ የወረደ ውሃ አይደለም፤ የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። አቧራ በዚህ ሁሉ ላይ ይጣበቅና ለብቻው ሲሆን በቀላሉ ይታጠብ የነበረው እንደ ጭቃ ቅብ ይሆናል። ግንባታ በበዛበት መንገድ ዳር ለሚያቆም ደግሞ ሲሚንቶ ይጨመርበታል። የሲሚንቶ ብናኝ ውሃ ሲነካው የመጠንከር ጠባይ ስላለው፣ ካፊያ የነካውን መስታወት በቶሎ ማጠብ ይበጃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ምንጭ ግን የማጠቢያው ባልዲ ነው። መንገድ ዳርም ሆነ ላቫጆ ቤት ተግተው የሚሠሩትን ልጆች ለመውቀስ አይደለም፤ ውሃ ውድ በሆነበት ቦታ አንድ ባልዲ ለብዙ ሥራ ይውላል። ነገር ግን ቸርኬውን ያሸው ስፖንጅ የፍሬን ብናኝና ግራሶ ይዞ ወደ ባልዲው ይመለሳል፤ ከዚያው ባልዲ የወጣው ጨርቅ መስታወቱ ላይ ያርፋል። ጎማን ለማጥቆርና ዳሽቦርድን ለማብለጭለጭ የሚቀቡት ፈሳሾች ብዙዎቹ ሲሊኮን የተባለ፣ ከመስታወት ጋር አጥብቆ የሚያያዝና ተራ ሳሙና በቀላሉ የማያነሣው ቅባት አለባቸው። ዳሽቦርድ የተወለወለበት ጨርቅ መስታወት ከነካ፣ የዚያ ቀን ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። መኪናዎን ለሚያጥብልዎ ልጅ ከቤት ያመጡትን ንጹሕ ጨርቅ ሰጥተው «ይህ ለመስታወት ብቻ ነው» ማለት፣ ከማንኛውም ውድ ፈሳሽ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ውስጡ ማንም ሳይነካው ለምን ይቆሽሻል?

ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ያስገርመዋል። ዝናብና አቧራ ከማይደርስበት ከውስጥ በኩል ያለው የመስታወቱ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ከውጩ ይልቅ የደበዘዘ ነው። ዋናው ምክንያት ራሱ መኪናው ነው። ዳሽቦርዱና የበሮቹ ልባስ የተሠሩበት ፕላስቲክ እንዳይሰባበር ማለስለሻ ኬሚካል ይጨመርበታል። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከውጩ አየር በ20 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ዳሽቦርድ ደግሞ ከዚያም የበለጠ ይግላል። ያን ጊዜ ማለስለሻው ጥቂት በጥቂት እየተነነ ይወጣና ቀዝቀዝ ሲል መስታወቱ ላይ ያርፋል። የድስት እንፋሎት ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ እንደሚቀመጥ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይህ ጤዛ ውሃ ሳይሆን ቅባት መሆኑ ነው። አዲስ መኪና ውስጥ የሚሸተው «የአዲስ ሽታ» ከፊሉ ይኸው ነው። በዚህ ላይ የትንፋሽ እርጥበት፣ የሲጋራ ጭስ፣ ጉም ሲይዝ በመዳፍ የማበስ ልማድ ይጨመሩበታል።

ይህን ያረጋገጥኩት በ20 ዓመት ዕድሜዋ የቤተሰባችን አባል በሆነች አንዲት ቪትዝ ላይ ነው። ከውስጥ መስታወቷ ላይ ምንም አይታይም ነበር። ነጭ የማይክሮፋይበር ጨርቅ በአልኮል አርሼ፣ ከሾፌሩ ፊት ለፊት አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ ጠረግሁ። ጨርቁን ስገለብጠው የደበዘዘ የሻይ ቀለም ያለው፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ ነገር ይዞ ነበር። በጠረግሁትና ባልጠረግሁት መካከል ያለው ድንበርም ከዚያ ወዲህ ግልጽ ሆኖ ታየ፤ አንዱ ወገን መስታወት፣ ሌላው ወገን ስስ ወረቀት ይመስል ነበር።

በክረምት ጉም ቶሎ የሚይዘውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ንጹሕ መስታወት ላይ የሚያርፍ እርጥበት ወደ ስስ የውሃ ሽፋን የመዘርጋት ዝንባሌ ስላለው ማየትን ብዙም አያግድም። ቅባት ባለበት መስታወት ላይ ግን እርጥበቱ እልፍ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል፤ ዓይናችን ጉም ብሎ የሚያየውም ይህን ነው። ውስጡን በደንብ ማጽዳት ጉሙን ጨርሶ ባያጠፋውም በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ማታና ወደ ፀሐይ ስንነዳ ብቻ የሚታየው ለምንድን ነው?

ብርሃን በንጹሕ መስታወት ውስጥ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ስስ ቅባት ወይም የማዕድን ብናኝ ሲያጋጥመው ግን አቅጣጫውን ስቶ ይበታተናል። ቀን፣ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ሲመጣ፣ የተበታተነው ጥቂት ብርሃን በብዙው ውስጥ ስለሚዋጥ አይታወቀንም። ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ስትመታው ወይም ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ሲያበራ ግን፣ ከአንድ ብርቱ ምንጭ የወጣው ብርሃን በእያንዳንዱ ሰንበር ላይ እየተሰበረ መስታወቱን ራሱን ያበራዋል። ከኋላው ያለው ጨለማ መንገድ፣ በመንገዱም ላይ ያለው እግረኛ፣ በዚያ ብርሃን ይሸፈናል። ዕድሜያቸው የገፋ አሽከርካሪዎች በዚህ ይበልጥ ይቸገራሉ፤ የዓይናቸው ሌንስ ራሱ ብርሃንን መበታተን ስለሚጀምር ድብዝዝታው በድብዝዝታ ላይ ይደረባል።

ውሃና ሳሙናስ ምን ያጠፋሉ?

የከርሰ ምድር ውሃ በዓለት ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉ ማዕድናትን አሟሙቶ ይይዛል። እነዚህ የበዙበትን ውሃ ጠንካራ ውሃ እንለዋለን። የኖራ ድንጋይ ባለበት በድሬዳዋና በመቀሌ አካባቢ የኖረ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። በአዲስ አበባም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃና ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው አንድ ዓይነት አይደለም፤ በግድብ የተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ስለሆነ ማዕድኑ ያንሳል። ጠንካራ ውሃ መስታወት ላይ ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፤ ማዕድኑ ግን የትም አይሄድም። ጠብታዋ በነበረችበት ቦታ ነጭ ቀለበት ሆኖ ይቀራል።

ሳሙና እዚህ ላይ ሲጨመር ሁለት ነገር ይሆናል። ተራው የልብስ ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ በውሃ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ እናቶቻችን በዝናብ ውሃ ልብስ ማጠብ የሚወዱት ሳሙናው ቶሎ ስለሚያረፋና ይህ ዝቃጭ ስለማይኖር ነው። ኦሞና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናዎች በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው፤ ነገር ግን እነሱም ሲበዙ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቀው አያልቁም፤ የተረፈው ደርቆ ሰንበር ይሆናል። ለአንድ ባልዲ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ለመስታወት ከበቂ በላይ ነው። አረፋ መብዛቱ ንጽሕናን አያመለክትም፤ መለቅለቂያ ውሃ ይበልጥ እንደሚያስፈልግ ብቻ ነው የሚነግረን።

ለመጨረሻው መለቅለቂያ የሚሆነው ጥሩ ውሃ በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው በክረምት የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ካጠበው በኋላ የተቀዳ መሆን አለበት። ሁለተኛው የመኪና ዕቃ መሸጫዎችና ማደያዎች ለባትሪ መሙያ የሚሸጡት ማዕድን የወጣለት የተጣራ ውሃ ነው። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለባትሪ የሚሸጥ አሲድም ስላለ፣ የሚገዙት ውሃው መሆኑን ሻጩን ጠይቀው፣ ጽሑፉንም አንብበው ያረጋግጡ።

ታዲያ እንዴት ይጠረግ?

መኪናው ጥላ ሥር መቆም፣ መስታወቱም መቀዝቀዝ አለበት። የጋለ መስታወት ላይ ውሃውና ፈሳሹ እጅ ሳይደርስባቸው ስለሚደርቁ ሰንበሩ ገና ከመጀመሪያው ይጻፋል። ማለዳ ከሁሉ የተሻለ ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ብዙ ውሃ ይፍሰስበት፤ አቧራው በውሃ ሳይወርድ ጨርቅ አይንካው። አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለው አሸዋ ከመስታወት ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ፣ በደረቁ የተጠረገ መስታወት በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይጫራል። ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ «አራግፎ» የመውጣት ልማድ ለመስታወቱ ከባድ ጠላት ነው። ከዚያ ጥቂት ሳሙና ባለው ውሃ፣ ለመስታወት ብቻ በተለየ ስፖንጅ ከላይ ወደ ታች ይታጠብ፤ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ተነሥተው ሥራቸውም ይታጠብ፤ ቆሻሻ የሚከማቸው እዚያ ነው። ከዚያም በንጹሕ ውሃ በደንብ ይለቅለቅ።

ሳሙና የማያነሣውን ቅባት የሚያነሣው አልኮል ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል ከእኩል መጠን የተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሎ በመርጫ ጠርሙስ መያዝ ይቻላል። አልኮል ቅባትን ያሟሟል፤ ራሱም ተንኖ ስለሚጠፋ ቅሪት አይተውም። እሳትና ሲጋራ ባለበት አይሠራበት፤ የመኪናውንም ቀለም እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ዋናው ቁም ነገር ግን ፈሳሹ ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ ነው። አልኮል ቅባቱን ያላቅቀዋል እንጂ ከመስታወቱ ላይ ይዞት አይሄድም፤ ይዞት የሚሄደው ጨርቁ ነው። ስለዚህ አንዱ ጨርቅ ረጥቦ ቅባቱን ያንሣ፣ ሌላው ደረቅ ጨርቅ ፈሳሹ ሳይደርቅ ወዲያውኑ ተከትሎ ያንሣው። ጨርቁ በአራት ይታጠፍ፤ አንዱ ፊት ሲቆሽሽ ወደ ሌላው ንጹሕ ፊት ይገልበጥ። ይህ መገልበጥ ካልተደረገ እንደገና ወደ ማሰሻው ሥራ ተመለስን ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ ማይክሮፋይበር የሚመረጠው ክሮቹ እጅግ ቀጫጭንና የተሰነጣጠቁ በመሆናቸው ቅባትን በመካከላቸው ስለሚይዙ ነው። አሮጌ ቲሸርት ክር ይጥላል፤ አዲስ ፎጣም እንዲሁ። ማይክሮፋይበሩ ሲታጠብ የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ አይጨመርበት፤ ማለስለሻው ክሮቹን በስስ ቅባት ስለሚሸፍናቸው ጨርቁ ራሱ ሰንበር አውጪ ይሆናል።

ለውስጡ የሚውለው ዘዴ ተመሳሳይ ነው፤ ፈሳሹ ግን መስታወቱ ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ ይረጭ፤ አለዚያ ወደ ዳሽቦርዱ ክፍተት ይንጠባጠባል። ታችኛው ጥግ፣ መስታወቱ ከዳሽቦርዱ ጋር የሚገናኝበት፣ እጅ የማይደርስበትና ቅባቱ የሚበዛበት ስለሆነ የእጅዎን ጀርባ ወደ ዳሽቦርዱ አድርገው በጣት ጫፍ ይድረሱበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ሁለትና ሦስት ዙር ሊፈልግ ይችላል፤ የቪትዟ አራት ዙር ፈልጓል። አንድ ጠቃሚ ብልሃት አለ፦ ውጩን በአግድም፣ ውስጡን ከላይ ወደ ታች ይጥረጉ። ፀሐይ ስታርፍበት የሚታየው ሰንበር አግድም ከሆነ ከውጭ፣ ቁም ከሆነ ከውስጥ መሆኑን ያለ ድካም ያውቃሉ።

ጋዜጣ፣ አቼቶ፣ ሳኒታይዘር፣ ነጭ ጋዝ ይሠራሉ?

ጋዜጣ ክር ስለማይጥል በቤት መስኮት ላይ ጥሩ ስም አትርፏል፤ በመኪና ግን ቀለሙ ፕላስቲኩንና እጅን ያጠቁራል፤ ማይክሮፋይበር ላለው አያስፈልግም። ነጭ ጋዝ ቅባትን በቅባት መተካት ስለሆነ ለመስታወት አይሆንም፤ የሚጠቅመው የአሮጌ ቦሎን ሙጫ ለማላቀቅ ብቻ ነው፤ ከዚያም በኋላ በሳሙና፣ በመጨረሻም በአልኮል መጠረግ አለበት።

አቼቶ የራሱ ቦታ አለው። ቀለም የሌለው አቼቶ አሲድ በመሆኑ ውሃ ትቶት የሄደውን የካልሲየም ቀለበት ያሟሟል። ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅሎ በጨርቅ ነክሮ ነጠብጣቡ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ፣ ከዚያ መለቅለቅ ነው። ለቅባት ግን ብዙም አይረዳም። ሎሚም አሲድ አለው፤ ሆኖም ስኳርና ፍሬውን ስለሚተው በሚገባ ካልተለቀለቀ አዲስ ቅሪት ይሆናል።

ሳኒታይዘርን ለብቻው ላነሣው እወዳለሁ፤ ከኮሮና ወዲህ በየመኪናው አለና አልኮል ነው ተብሎ በመስታወት ላይ ሲረጭ ደጋግሜ አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ቀመር የሚሠራው ሳኒታይዘር 1.45 በመቶ ግሊሰሮል አለው። ግሊሰሮሉ የተጨመረው የእጅን ቆዳ ከድርቀት ለመጠበቅ ነው፤ አይተንም። አልኮሉ ሲጠፋ እሱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ጄል የሆነው ሳኒታይዘር ደግሞ ማወፈሪያም ስላለበት ይብስበታል።

አሞኒያ ያለባቸው የመስታወት ማጽጃዎች ቅባትን በደንብ ያነሣሉ፤ ይሁን እንጂ ከውስጥ የተለጠፈ የፀሐይ መከላከያ ላስቲክ ላለው መስታወት አይሆኑም፤ ላስቲኩን ሊያበላሹት ይችላሉ።

የዝናብ መጥረጊያው ራሱ ሲያቆሽሽስ?

በ1903 ሜሪ አንደርሰን የተባለች የአላባማ ሴት በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ካገኘችበት ጊዜ ወዲህ የዝናብ መጥረጊያ መሠረታዊ አሠራር ብዙም አልተለወጠም፤ አንድ የጎማ ጠርዝ ተጭኖ በመስታወት ላይ ይመላለሳል። ሥራው ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ቀጭን ጠርዝ ላይ ነው። በእኛ አገር ይህ ጠርዝ የሚጎዳው በዝናቡ ሳይሆን በበጋው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ለብዙ ወራት ሳይሠራ ፀሐይ ላይ ተኝቶ ይከርማል፤ ጎማን የሚያደርቀው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ገደማ ስለሚበረታ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ብርታቱ ከቆላው የበለጠ ነው። ጎማው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ወደ አንድ ወገንም ታጥፎ ይቀራል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ያ የታጠፈ ጠርዝ የወራት አቧራና ቅባት ይዞ ይነሣና መስታወቱን ሙሉ ጭቃ ይቀባዋል።

መጥረጊያውን አንሥተው ጠርዙን በጥፍርዎ ቀስ ብለው ይከተሉት። ቀጥ ያለና ለስላሳ ከሆነ፣ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጨርቁ ጥቁር ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይጥረጉት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ከተሰነጠቀ ወይም ከታጠፈ ግን ማጽዳት አያድነውም፤ መቀየር አለበት። በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ መቀየር ለአብዛኛው አሽከርካሪ ተገቢ ይመስለኛል። መጥረጊያው አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ሳይጠርግ የሚተው ከሆነ በዚያ ቦታ የተሰነጠቀ ጠርዝ ወይም የተሰነቀረ ቅንጣት አለ ማለት ነው፤ ሰፊ ቦታ የሚያደበዝዝ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የመስታወቱ ቅባት ነው። ኮፈን ሥር ባለው የመስታወት ውሃ መያዣ ውስጥ ኦሞ መጨመርም ይቅር፤ ሳይሟሟ የቀረው ዱቄት ቀጭኗን መርጫ ይደፍናታል፣ አረፋውም መስታወቱ ላይ ይደርቃል።

ምንም ቢደረግ የማይለቅ ምልክትስ?

በአልኮልም በአቼቶም ያልለቀቀ ነጠብጣብ ለረጅም ጊዜ ከመቆየቱ የተነሣ የመስታወቱን ገጽ በልቶት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያነሣው ሴሪየም ኦክሳይድ በተባለ ዱቄት መወልወል ነው፤ ነገር ግን በአሽከርካሪው ዓይን ትይዩ ያለ መስታወት እኩል ሳይሆን ከተወለወለ እይታን ስለሚያወላግድ ለባለሙያ መተው ይሻላል። የደረቀ የዛፍ ሙጫ ከሆነ፣ መስታወቱን በሳሙና ውሃ በደንብ አርሶ አዲስ ምላጭ አጋድሞ ቀስ እያሉ መግፋት ያነሣዋል። በደረቁ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ላስቲክ በተለጠፈበትና የማሞቂያ ሽቦ ባለበት የኋላ መስታወት ውስጠኛ ፊት ላይም እንዲሁ።

ጥፍር ሲሄድበት የሚይዘው ቅስት ግን እድፍ አይደለም፤ ጎማው ያለቀበት የመጥረጊያ ብረት የጫረው ጭረት ነው። እንዲህ ያለው በእጅ አይወጣም፤ በአሽከርካሪው ፊት ላይ ከሆነ መስታወቱን ማስቀየር ይገባል። የፊት መስታወት ሲሰበር እንዳይረግፍ በሁለት ንጣፍ መስታወት መካከል ፕላስቲክ ገብቶበት የተሠራ ስለሆነ፣ የሚገዛው ምትክም እንዲሁ ያለ መሆኑ ይረጋገጥ። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ማጣበቂያው በደንብ እስኪደርቅ አንድ ቀን ያህል በግፊት ውሃ አይታጠብ። አዲስ ነው ተብሎም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ የገጣሚው እጅና የማጣበቂያው ቅሪት ስላለበት፣ ከመንዳትዎ በፊት አንድ ጆግ ውሃ ከላይ አፍስሰው፣ ውሃው ተዘርግቶ ወይም ተድቦልብሎ እንደሚወርድ ይመልከቱ።